ስለ አሮጌው ቴሌቪዥናችን አጠጋገን

በየቤታችን ማእዘን ጨርቅ ለብሰው የሚኖሩ ዕቃዎች አሉ። በአንዱ ቤት የአባት ግራሞፎን፥ በሌላው የእናት የስፌት መኪና፥ በሌላውም ድምፁን ያጣ ራዲዮ ይሆናል። የቤት እመቤት አቧራቸውን በየሳምንቱ ትጠርጋለች እንጂ፥ ዛሬስ ይሠሩ ይሆን ብላ አትጠይቅም። በሚዛን ተፈሪ ባለው ቤታችንም እንደዚሁ ያለ፥ ሣጥኑ ከእንጨት የተሠራ፥ በአራት ቀጫጭን እግሮች የቆመ አንድ ቴሌቪዥን ነበር። እርሱን ስለ መጠገን ዛሬ የምጽፈው ዕቃው ብርቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ሥራውን የሠሩት ዐይናቸው እየደከመ የሄደው አማቴና የ14 ዓመት ልጄ ናቸው፤ እኔም እናት እንደ መሆኔ መጠን፥ ሰው ሊገድል በሚችል መሣሪያ አጠገብ ልጄ ትቁም ወይስ አትቁም የሚለውን መፍረድ የኔ ድርሻ ሆኖ ነበር።

አማቴ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ የራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፥ ባለ ቀለሙ ሥዕል የመጣው ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። አማቴ ይህን ቴሌቪዥን የገዙት በ1963 ዓ.ም. ነበር። ገንዘቡን ያጠራቀሙት የሰው ራዲዮ እየጠገኑ ስለ ሆነ፥ ዛሬም ዋጋውን ሲናገሩ በብር አይቈጥሩትም፤ «ይህን ያህል ራዲዮ አስከፍሎኛል» ይላሉ። ኋላም በቡና እርሻ ላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥረው ወደዚህ አገር በመጡ ጊዜ፥ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በጅማና በቦንጋ መንገድ በጭነት መኪና አመጡት። አማቴ ራሳቸው ከዕቃው ጋራ ከኋላ ተቀምጠው፥ መኪናው በዘለለ ቍጥር ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው እንደ ያዙት ሟች አማቴ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

የዛሬው ቴሌቪዥን እንደ መጽሐፍ ገበታ የሳሳ ነው። የጥንቱ ግን በውስጡ ብዙ የብርጭቆ ቫልቮች አሉት፤ እያንዳንዱም እንደ አምፑል በውስጡ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለበት። ሥዕሉ የሚታይበት ትልቁ ብርጭቆ ፒክቸር ቲዩብ ይባላል፤ የዚህም ዓይነት ብርጭቆ መነሻው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ ፈርዲናንድ ብራውን የሠራው ነው። ከብርጭቆው አንገት የሚወጣው የኤሌክትሮን ጨረር የፊቱን መስታወት ሲመታ ብርሃን ይሰጣል። አማቴ ይህን ለልጄ ያስረዷት በእርሻ ምሳሌ ነበር። «ጨረሩ እንደ በሬ ነው» አሏት፤ «አንዱ የሽቦ ጥቅል ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳ ትልሙን ያስወጣዋል፤ ሌላው ጥቅል ደግሞ ከላይ ወደ ታች፥ ወደሚቀጥለው ትልም ያወርደዋል። ማሳው 625 ትልም አለው፤ ይህም ሁሉ በአንድ ሰኮንድ 25 ጊዜ ይታረሳል።» ልጄም «በሬው አይደክመውም?» ብላ አሣቀቻቸው። ይህን ምሳሌ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። አማቴ የዐይናቸው ዙሪያ እየጨለመ ስለ ሄደ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙም ሕመሙ ግላኮማ እንደ ሆነ፥ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፥ የቀረውን ግን በመድኀኒት መጠበቅ እንደሚቻል በግልጽ ነገራቸው። ከዚያ በተመለሱ በአራተኛው ቀን ቡና ከጠጡ በኋላ ወደ ማእዘኑ እያዩ፥ «ልጄ ሆይ፤ እጄ ሥራውን ያውቃል፥ ዐይኔ ግን አልደርስ አለኝ። የዚህችን ልጅ ዐይን አበድሪኝ» አሉኝ። ጎረቤቶች ያሉትንም አልደብቅም። አንዱ ለመዳቡ ሲባል ለቆራሌው ይሸጥ አለ፤ ሌላይቱ ሣጥኑ ተፈልፍሎ የዕቃ ማስቀመጫ ይሁን አለች። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት ሳምንቱን በቴፒ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፥ በስልክ ብጠይቀው «አንቺ የወሰንሽው ይሁን» ብሎ ሸክሙን በኔ ላይ ተወው።

እኔም አስቀድሜ አማቴን የጠየቅኋቸው ዕቃው ይድናል ወይ ብዬ ሳይሆን፥ ልጄን ምን ሊያደርግብኝ ይችላል ብዬ ነበር። እርሳቸውም ሳያለባብሱ ነገሩኝ። በዚህ ዓይነት ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው የብረት መደብ በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ መስመር ጋራ የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ብረቱን የነካ ሰው የግድግዳውን 220 ቮልት እንደ ነካ ይቈጠራል። ከዚህም የሚብሰው፥ በፒክቸር ቲዩቡ ጐን በጐማ ክዳን ሥር 15,000 ቮልትና ከዚያም የሚበልጥ ኀይል መግባቱ ነው። ብርጭቆው ይህን ኀይል ገመዱ ከተነቀለ በኋላም እንደ ጋን ውሃ ይዞት ይቈያል። ደግሞም ውስጡ አየር የሌለበት ስለ ሆነ፥ አንገቱ ቢመታ የውጭው አየር ሲጋፋው ተሰብሮ ስባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልያዘኝም። መከልከል ቀላል ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም። ነገር ግን ባለ ሙያው ሰው ዐይናቸው ፈጽሞ ሳይጠፋ የሚያውቁትን ለማን ይተዉት? ደግሞም እናት ልጇን ከእሳት የምታርቃት ለጥቂት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወጥ መሥራት ታስተምራታለች። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ፈቀድሁ፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ ከኔ እጅ አይወጣም፤ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ከግድግዳውም ከቴሌቪዥኑም ተነቅሎ በመቀነቴ ይታሰራል። ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ልጅቱ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፥ ሁለት እርምጃ ርቃ ታያለች እንጂ አትቀርብም። ከብርጭቆው ውስጥ ኀይሉን የማፍሰሱ ሥራ ደግሞ የኔው ይሆናል፤ አማቴ አጥርተው አያዩም፥ ልጄም ሕፃን ናት።

አማቴ ውሉን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን «እኔም ከዚህ የተሻለ ጌታ አልነበረኝም» አሉና አሠራሩን አስተማሩኝ። እጀታው በወፍራም ፕላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ካቻቢቴ ይወሰዳል፤ በብረቱ ላይ ሽቦ ይታሰርና የሽቦው ሌላ ጫፍ ከብርጭቆው ጀርባ ካለው ጥቁር ቅብ ጋራ ከተያያዘው መዳብ ላይ ይጠመዳል። ግራ እጅ ወደ ኋላ ይደረጋል፤ በቀኝ እጅ የካቻቢቴው ጫፍ ብረቱን እስኪነካ ድረስ በጐማው ክዳን ሥር ይገባል። ኀይል ካለ ጠቅ ይላል። ብርጭቆው ጥቂት ኀይል መልሶ ስለሚያጠራቅም፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ቴሌቪዥኑ ለብዙ ዓመት ስላልተሰካ በመጀመሪያው ቀን ምንም ነገር እንደማይኖርበት አማቴ ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ አሠሩኝ። እኔ ይህን የጻፍሁት እናቶች አደጋውን እንዲያውቁት ነው፤ በአጠገቡ የሚያስተምር ባለ ሙያ የሌለው ሰው ክዳኑን ባይከፍት ይሻለዋል።

የኋላው ክዳን በተከፈተ ጊዜ የአገራችንን ጠባይ በውስጡ አገኘነው። ሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ከአማን ጋራ ተያይዛ ሚዛን አማን የምትባለው ከተማ፥ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። በዚህ ጨው በማሰሮ ውስጥ ይረጥባል፤ በቁም ሣጥን የተቀመጠ ጫማም ሻጋታ ያበቅላል። በቴሌቪዥኑ ውስጥም የድምፅ ማውጫው ጨርቅ ሻግቶ፥ የቫልቮቹ እግር ጠቍሮ፥ ሸረሪትም ቤቷን ሠርታ ነበር። ልጄ በቀለም ብሩሽ ስትጠርግ ግማሽ ቀን አለፈ።

ለረጅም ዘመን ሥራ የፈታ መሣሪያ በቀጥታ ከግድግዳ ጋራ አይገናኝም። በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ባንድ ጊዜ ሙሉ ኀይል ቢሰጣቸው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ብዙ ቀን የጾመ ሰው ሆዱን በጥቂቱ እንደሚያለማምድ፥ እነርሱም በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዳሉ። አማቴም በገመዱ መካከል ባለ ክሩን አንድ ትልቅ አምፑል አስገቡ። አምፑሉ በሙሉ ብርሃኑ ቢበራና ባይደክም፥ በውስጥ መስመር ተነካክቷል ማለት ነው። እኔ ገመዱን ስሰካ አምፑሉ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከቫልቮቹም አንድ ስንኳ አልጋለ። እኔ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር፤ አማቴ ግን «ይህ መልካም ወሬ ነው» አሉ። ብልጭታው ኮንደንሰሮቹ ኀይል እንደ ተቀበሉ፥ የተነካካም መስመር እንደሌለ ያሳያል። የቫልቮቹ መጋያ ሽቦዎች ግን እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው፤ ክሩ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም ይጠፋሉ። ገመዱን ነቅዬ፥ ካቻቢቴውንም ሠርቼ ከጨረስሁ በኋላ፥ ልጄ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያወጣች በቴስተር ለካቻቸው። ሁሉም ደኅና ነበሩ። እንግዲያውስ የተበጠሰው በቫልቮቹ ውስጥ ሳይሆን እግራቸው በሚቆምበት ስፍራ ነው ማለት ነው፤ እርሱም ዝገት ሆኖ ተገኘ።

ዝገቱን በአልኮል ማጠብ አስፈለገ። ከጎረቤታችን አንዱ «ለዚህማ አረቄ አለ» ብለው በጠርሙስ ቢያመጡልን፥ አማቴ ግማሹ ውሃ ነው ብለው ለዕቃው ከለከሉት። ጠርሙሱ ግን ወደ ባለቤቱ ሙሉውን አልተመለሰም። አልኮሉን ከመድኀኒት ቤት ገዛን።

በማግሥቱ ቫልቮቹ ሁሉ ጋሉ። ዛሬ በከተማችን ቴሌቪዥን በአብዛኛው የሚታየው በዲሽ ስለ ሆነ፥ የሪሲቨሩን ሥዕል በአንድ አሮጌ ቪዲዮ ማጫወቻ በኩል አሳልፈን በአንቴናው ቀዳዳ ሰጠነው። ድምፅ መጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በጨለማው መስታወት መካከል ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ብቻ የሆነ እጅግ የሚያበራ መሥመር ተዘረጋ። «ብርሃኑን ቀንሺ!» ብለው አማቴ ጮኹ፤ መሥመሩ በአንድ ቦታ ከቈየ የመስታወቱን ቅብ አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋልና።

እዚህ ላይ የበሬው ምሳሌ መጣ። አማቴ ሥዕሉን አጥርተው ባያዩትም፥ ልጄ የነገረቻቸውን ሰምተው እንዲህ እያሉ አስቈጠሯት። ድምፅ አለ፤ ስለዚህ ዋናው ኀይል ደኅና ነው። መሥመሩ ያበራል፤ ስለዚህ ትልቁ ቮልት አለ። ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ ስለዚህ በሬው ትልሙን ያወጣል። የማይሆነው ምንድን ነው? ልጄም «ወደሚቀጥለው ትልም አይወርድም፤ በአንዱ ትልም ላይ ይመላለሳል» አለች። ከመቶ ከሚበልጡት ዕቃዎች መካከል ልንመረምራቸው የሚገቡን በዚህ አንድ ንግግር ወደ ስምንት ወይም ወደ ዘጠኝ ወረዱ። እኔ በገበያ ያየኋቸው አንዳንድ ጠጋኞች ችግሩን ሳያስቡ ዕቃ በዕቃ እየለወጡ ገንዘብ ያስጨርሳሉ፤ ይህን የመሰለ ማሰብ ሳይ ግን፥ አማቴ በወጣትነታቸው ያን ሁሉ ራዲዮ እንዴት እንደ ጠገኑ ገባኝ።

ልጄ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከጐን ስትመለከት ሳለች፥ «አባባ፥ በአንደኛው ቫልቭ ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ ነገር አለ» አለች። «ምን ታያለሽ?» አሏት። «በመካከሉ ካለው ብረት ጠርዝ በኩል፥ እንደ ወንፊት ሽቦ ያለ ነገር እንደ ፍም ቀልቷል።» አማቴ ያን ጊዜ «ንቀዪው!» አሉኝ፤ እኔም ነቀልሁ። «የተጻፈበትን ቍጥር አንብቢልኝ» ሲሏት፥ ሲቀዘቅዝ ጠብቃ «ፒ ሲ ኤል 85» ብላ አነበበች። አማቴ ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሣቁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ያ ቫልቭ ጨረሩን ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ነው። በውስጡ ኀይሉን ሁሉ መቀበል የሚገባው ውጫዊው ሳሕን ነው፤ በሳሕኑና በመጋያው መካከል ያለው ወንፊት የሚወስደው ጥቂት ነው። ወደ ሳሕኑ የሚሄደው መንገድ ከተበጠሰ ግን ወንፊቱ የሳሕኑን ሸክም ብቻውን ይሸከምና ይቀላል። ወደ ሳሕኑም የሚወስደው መንገድ የትራንስፎርመሩ ሽቦ ነው። ስለዚህ ቫልቩ በሽተኛ መስሎ ቢታይም፥ በሽታው በጎረቤቱ ነበር። የአማቴ ዐይን ያን ቅላት ማየት አይችልም ነበር፤ ልጄም ብታየው ትርጕሙን አታውቅም ነበር።

ትራንስፎርመሩን ፈትተን በቴስተር ብንለካው መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። ወረቀቱንም ስንገልጥ ከሽቦው መውጫ አጠገብ እንደ ሽንብራ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ታየች። እርጥበት ገብቶ፥ ከኤሌክትሪኩ ጋራ ተባብሮ፥ እንደ ፀጉር የቀጠነውን መዳብ በልቶታል። ብልሽቱ በጥልቁ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሺህ የሚቈጠር ዙር ፈትቶ እንደ ገና መጠቅለል ያስፈልግ ነበር፤ ዕድላችን ሆኖ ግን በላይኛው ንብርብር ላይ ተገኘ።

ከመጠገኑ በፊት መድረቅ ነበረበት። በዚህ አገር ስለ ማድረቅ የሚያውቀው ቡና አምራች ነው። ቡና እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ እስኪሆን ድረስ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ ዳመና ሲመጣ ይሸፈናል፥ ፀሓይ ሲወጣ ይገለጣል። ትራንስፎርመሩንም በጓሯችን ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ፥ በቡናው መካከል በጨርቅ አስቀምጠን አምስት ቀን አደረቅነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ከቴፒ ሲመጣ አይቶት፥ «ይህን ቡና ማን ይገዛችኋል?» አለ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ፈጽሞ የልጄ ነበር። በሽቦው ላይ ያለውን ቀጭን ቅብ በምላጭ መፋቅ፥ መዳቡን ሳይቈርጡ ነው፤ ከሌላ ቀጭን ሽቦ ጋራ ማጣመር፥ ሳይጐትቱ ነው፤ ከዚያም ካውያውን አግሎ በሊድ ማጣበቅ። በመጀመሪያው ሙከራ ተበጠሰ። አማቴ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ልጄ አንድ ዙር ፈትታ እንደ ገና ፋቀች፤ እንደ ገና ተበጠሰ፤ እንባዋም መጣ። ያን ጊዜ አማቴ ካውያውን ከእጇ ወስደው በመደገፊያው ላይ አኖሩና፥ «እጅሽ ተቈጥቷል፤ ነገ ይመለሳል» አሏት። በማግሥቱ ጠዋት ያዘ። አማቴ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ ሊዱ ለስላሳ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፥ ቴስተሩን እርሷው እንድትይዝ አደረጉ፤ መርፌውም ተነሥቶ ሄደ። በዚህ አገር የጫካ ማር ብዙ ስለ ሆነ ሰም አላጣንም፤ ስፌቱን እርጥበት እንዳይገባው በቀለጠ ሰም ሸፈነው።

ቴሌቪዥኑ በተሰካ ጊዜ ያች አንዲት መሥመር እንደ መጋረጃ ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈተች። ሥዕሉ ግን ገና ሥርዓት አልያዘም ነበር፤ ዜና የሚያነበው ሰው ራሱ እንደ ዱባ ረዝሞ፥ ደረቱ ወደ ታች ተጨምቆ ታየ። የታችኛው መጨመቅ የደረቀ ኮንደንሰር ምልክት ነው ብለው አማቴ ስለ ተናገሩ፥ ከጅማ አስመጥተን በኋላ ለወጥነው። ከፍታውን ማስተካከያው ከኋላ በኩል ስለሚገኝ፥ አማቴ የቤቱን ትልቅ መስታወት በቴሌቪዥኑ ፊት እንዳቆም አዘዙኝ። ክዳኑን መልሰን ገጥመነው ስለ ነበር፥ ልጄ ከኋላ ሆና በክዳኑ ቀዳዳ በኩል የፕላስቲኩን እጀታ እያዞረች ሥዕሉን በመስታወቱ ውስጥ ታይ ነበር። «ራሱ ክብ ሆነ?» «ሆነ፥ አባባ።» «አገጩስ?» «አገጩም።»

አማቴ ከዚያ ተነሥተው ወደ መስታወቱ ፊት ቀረቡና፥ ክንዳቸውን ሳያስነኩ አስጠጉት። የክንዳቸው ፀጉር ተነሥቶ ሲቆም ተሰማቸው፤ የትልቁ ቮልት ጤንነት በዚህ ይታወቃል ብለው ነገሩን። ሥዕሉንም በቀረችው የዐይናቸው ብርሃን ከቅርብ ተቀምጠው ጥቂት ተመለከቱ፤ ሲጨርሱም ስለ ሥዕሉ ምንም አልተናገሩም፥ ቡና ጠየቁ።

አሁን ቴሌቪዥኑ እርጥበት እንዳይመለስበት በየቅዳሜው ለአንድ ሰዓት ያህል እናበራዋለን፤ ክረምት ሲገባም ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን። ከአገልግሎቱም በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጨርቅ አይለብስም። ልጄ አማቴ የሚነግሯትን የምትጽፍበት አንድ ደብተር አላት፤ በግራው ገጽ የሚታየውን ምልክት፥ በቀኙ ገጽ የሚጠረጠረውን ምክንያት ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የቡና ነጋዴ የአባታቸውን የቫልቭ ራዲዮ አምጥተው በጠረጴዛችን ላይ አኖሩ፤ አማቴም ከመክፈታቸው በፊት ልጄን «አሽትቺው» አሏት። ገመዱ ግን አሁንም ያለው በኔ መቀነት ነው።